የግንቡ ሙሽራ

ቢስሚላህ ብዬ ልጀምር፤ ተቆጥቼ የጀመርኩት ነገር አያምርልኝም።

ረቡዕ ጠዋት ልጄን ኢንሻራህን ሊያገባ ከፈረንሳይ የሚመጣውን ሁዘይፋን ልንቀበል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ባለቤቴ ሐጂ አብዱልባሲጥ አዲስ ጀለቢያ ለብሷል፣ ሽቶ ተቀብቷል። ይሄ ሰው ለገዛ ወንድሙ እንኳ ኤርፖርት ሄዶ አያውቅም። ለሁዘይፋ ግን መኪና ተከራይቶ፣ አበባ አስለጥፎ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሹፌሩን «ቀስ በል እንጂ፣ አበባው ይረግፋል!» እያለ ይቆጣዋል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የእጄን ላብ በሻሼ እጠርጋለሁ።

ሁዘይፋ አንድ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። አባቱ አባባ በሺር ከሐርቡ መጥተው ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል፤ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። ባለቤቴ ሽማግሌውን አልፎ ልጁ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«አህለን ወሰህለን! ግንቡን ለማን አደራ ሰጥተህ መጣህ?»

ሁዘይፋ ሳቀ። «ግንቡ ምን ይሆናል ሐጂ? አራት መቶ ዓመት የቆመ ነገር እኔ ሁለት ሳምንት ስጠፋ አይወድቅም።»

«ማሻአላህ! ሰማሽ ረሂማ? አራት መቶ ዓመት!»

ሰማሁ እንጂ። ቀድሜያቸው ወደ መኪናው ሄድኩ።

ለምን እንደሸሸሁ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ይሄው ባለቤቴ ይህንኑ ልጅ አልፈልግም ብሎ ነበር። ኢንሻራህ ያኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበረች፤ ሁዘይፋ እዚያው መካኒክ ነበር። ማሽን እጁን ቆረጠው፣ እሷ ሰፋችው። ክሩ ከወጣ በኋላም ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ነበር፤ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ፣ አንድ ቀን ኪኒኑ ጠፋብኝ ብሎ። ነውር አልሠሩም። ወዲያው አባቱን ላከ። አባባ በሺር ሐርቡ ላይ ማሽላና ማሾ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ይዘው ቧንቧ ውሃ ያለው ቤታችን መጡ፤ ሦስቴም ሳሎን ሳይገቡ በረንዳ ላይ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። በመጨረሻው ባለቤቴ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

«ልጄን ያስተማርኳት ማሾ እንድትለቅም ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካክለው «አላህ የተሻለውን ይስጣት» ብለው ወጡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ያን ቀን የተቆጣሁት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። የባለቤቴ አያት እኮ ከየመን ሲመጣ መርፌና ክር በጨርቅ ቋጥሮ በየመንደሩ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። ወሎ ምን አለህ ሳትለው አስጠግታ ሚስት ሰጠችው። የልጅ ልጁ ታዲያ ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ስለከፈተ ሰው በረንዳ ላይ ያስቀምጣል?

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ቆመ፤ ሁዘይፋ ተሰደደ። ኢንሻራህ የመጣላትን ባል ሁሉ መለሰች። አትጮህም፣ አታለቅስም፤ ትከሳለች ብቻ። እናት ብትሆኑ ይገባችኋል። ልጅ አጠገብሽ እንጀራ እየቆረሰች ስትከሳ ማየት ምን እንደሚመስል።

አንድ ቀን፣ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሰው በእጅ ደብዳቤ በሚላላክበት ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ለኢንሻራህ ፖስታ አመጣ። ከፈትኩት። የልጅን ደብዳቤ መክፈት ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከፈትኩት። አንድ ፎቶ ወደቀ። ሁዘይፋ ኮት ለብሶ ማማ ካለው፣ ተራራ ከሚያክል የድንጋይ ግንብ ፊት ቆሟል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ኢንሻራህ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ግንብ ውስጥ ነው የምኖረው ብልሽ ቀለደ ትያለሽ። ፎቶውን እይው። ደግሞ አትደንግጪ፣ የኔ አይደለም። መንደሯ ከሐርቡ ታንሳለች። ግንቡን ያሠራው ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ መስፍን ነው። ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ ሠራለት፤ ሠርቶ ሲጨርስ ለዚያው ሰው ግብር ሲከፍል ኖረ። አንድ ቀን ገበሬው ተቆጥቶ መጣና የግብሩን መዝገብ ግቢው መሀል አቃጠለው። ግንቡን ግን አልነካውም፤ የራሱ ላብ ነዋ። በትልቁ ጦርነት ጊዜ የቁስለኛ ማስታመሚያ ሆነ። ከዚያ የመስፍኑ ዘሮች ጣራውን ማደስ አቃታቸው፤ ለመንደሩ ሸጡት። የከተማ ድሃ ልጆች የበጋ ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉበት ሆነ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የጻፉት ስማቸው ዛሬም አለ። ቀጥሎ ብዙ ዓመት ተዘጋ፤ የሌሊት ወፍ ወረሰው። አሁን ግማሹን አገር ጥለን ለመጣነው ሰጡን፣ ግማሹን ለሠርግ ያከራዩታል። ቅዳሜ ሙሽራ በትልቁ በር ትገባለች፣ እኛ በጓሮ በር እንወጣለን። ኮቱንም የተዋስኩት ሠርግ ላይ ምግብ ላሳልፍ ነው።

የምተኛው ድሮ የፈረስ ጋጣ የነበረው ክፍል ነው፤ ከአንድ ሱዳናዊና ከሁለት የአፍጋኒስታን ልጆች ጋር። የጥገኝነት ጥያቄዬን አልተቀበሉኝም ነበር። በዚያው ሰሞን የግቢው አጥር ተናደ። ያለ ሲሚንቶ የተካበ ካብ ነው፤ ወላሂ አባቴ እርከን ላይ የሚክበውን ነው የሚመስለው። የሚያውቅበት ሰው ጠፋ፤ ወርጄ ካብኩት። አንዲት አሮጊት ቆማ ስታየኝ ዋለች። ‘አያቴ እዚህ ግንብ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። እኛ ጌቶቹን አናስታውስም፣ የሠራተኛውን እጅ ግን እናውቃለን’ አለችኝ። እሷና ከንቲባዋ ፈርመው የአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ አስወጡልኝ። ካብ ካቢ ሆኛለሁ፤ የአባቴ ልጅ። ይህንኑ ሳትደብቂ ለአባትሽ ንገሪልኝ። በዚህ ከፈቀዱ እመጣለሁ።»

አንብቤ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ልጁ ወንድ ነው አልኩ። ከዚያ ያደረግኩትን ስሙ። ደብዳቤውን ለኢንሻራህ ሰጠኋት፣ ፎቶውን አስቀረሁ። ማታ ባለቤቴ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄ ማነው?»

«ሁዘይፋ ነው። የሐርቡው።»

መነጽሩን አደረገ። አገላበጠው። «ይሄ ግንብ የማን ነው?»

«የሱ» አልኩ።

በቃ። አንዲት ቃል። ሰባት ጊዜ ሐጅ ያደረገ ሰው አፉን ከፍቶ ሲቀር አየሁት። በሳምንቱ ራሱ ሐርቡ ሰው ላከ፤ የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ሱቁ ውስጥ ፎቶውን መስታወት አልብሶ ሰቀለው። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ዱአ የሚያደርጉልን እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ ሳይቀሩ «አላህ ግንቡን ያጽናለት» ማለት ጀመሩ። እኔም አሚን እላለሁ!

ኢንሻራህ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «እማ፣ ምንድነው ያደረግሽው? ንገሪልኝ ያለኝ እኮ ሌላ ነው!»

«ዝም በይ» አልኳት። «አንዴ ኒካህ ይታሰር፤ እውነቱን ቀስ ብለን እንነግረዋለን። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

ዝም አለች። ሁለት ወር ዝም አለች። ለሁዘይፋም በስልክ «አባቴ ፈቅዷል» ብቻ አለችው።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ኮምቦልቻ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ባለቤቴ አባባ በሺርን ከፍ ካለው ወንበር አስቀምጦ ሥጋውን እየመረጠ ያጎርሳቸዋል። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ያላምጣሉ።

«እንዲያው ስንት ክፍል አለው?» አለ ባለቤቴ።

«ሠላሳ ስምንት» አለ ሁዘይፋ።

«ሱብሃነላህ! ማነው ታዲያ የሚያጸዳው?»

«እኛው ነና ሐጂ። በተራ። የኔ ማክሰኞ ነው።»

ባለቤቴ ጠረጴዛውን መትቶ ሳቀ። «አየሽ ትሕትና! ያለው ሰው እንዲህ ነው፤ የሚኮራው የሌለው ነው። ከንቲባውንስ ታውቀዋለህ?»

«ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ወንበር እንደረድራለን።»

«ከንቲባዋ ወንበር ትደረድርለታለች!» ባለቤቴ ለአስተናጋጁ ሳይቀር ነገረው።

የሁዘይፋ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ባለቤቴን አየ፣ መኪናው ላይ ያለውን አበባ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። እጁን ሊታጠብ ተነሳ፤ ተከትዬው ሄድኩ።

«እትዬ ረሂማ፣ ደብዳቤዬ አልደረሰም?»

«ደርሷል ልጄ።»

«ታዲያ ሐጂ ምን እያሉ ነው?»

«እስከ ዓርቡ ኒካህ ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ዝም ብትል ምን ትሆናለህ? ለናንተው ብዬ ነው።»

ቧንቧውን ዘጋ። እጁ ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሩ ሥር የድንጋይ አቧራ አለ፤ ውሃም አያስለቅቀው። «አባቴ ዛሬ ሥጋ የሚጎርሰው በኔ ግንብ ነው ማለት ነው?»

ፎጣ ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም።

«ኢንሻራህስ? ታውቃለች?»

ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩት። እሱ ግን መልሱን ከፊቴ ላይ አነበበው። እንደሱ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። በጥፊ ብመታው ይሻለው ነበር። ተመልሶ አባቱን «አባ፣ ይነሱ፤ ወደ ሐርቡ እንሂድ» አላቸው። ሽማግሌው ያልጎረሱትን ጉርሻ በእጃቸው ይዘው ወጡ። «ናፍቆት ነው፤ አገሩ ናፍቆት ነው» አለ ባለቤቴ። እኔ ግን ያቺን ጉርሻ ሳስብ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ስልክ ደወለ። ኢንሻራህ ክፍሏ ነበረች፤ እጇ ላይ ሂና ተቀብታለች። በክርኗ በሩን ከፍታ ጠራችኝ።

«እማ፣ ነይ ስሚ። ያንቺ ሥራ ነው፤ አብረሽ ስሚ።» ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለ ሁዘይፋ። ድምፁ ደርቋል። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ በዚህ ሁለት ወር? ሃምሳ? ስድሳ? አንዴ እንኳ አልነገርሽኝም።»

«ብነግርህ አትመጣም ነበር!»

«አልመጣም ነበራ! አባቴን ሦስቴ በረንዳ ላይ ያስቀመጠ ሰው አሁን ለምን እንደሚያጎርሰው ባውቅ አልመጣም ነበር! ፈቀዱልን ስትዪኝ ጋጣው ውስጥ ጮኼ ሦስቱን ሰዎች ቀሰቀስኳቸው፤ አቅፈውኝ ጨፈሩ። ሰው ሆንኩ ብዬ። ለካ የፈቀዱት ለድንጋይ ነው!»

«ሁዘይፋ—»

«የኔ እጅ አሳፍሮሽ ነው?»

ልጄ ብድግ አለች። ሂናው አንሶላው ላይ ተለቀለቀ። «ምን አልክ? ያን እጅ የሰፋሁት እኔ ነኝ! ሦስት ዓመት ከዶክተር፣ ከነጋዴ፣ ከማን ከማን ጋር ሲያጩኝ እምቢ ያልኩት ለግንብ ነው? አሳፍሮሽ ነው ይለኛል! ደፋር! አንተ አውሮፓ ሆነህ ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ እኔ እዚህ በየቀኑ ከአባቴ ጋር አንድ ገበታ እቀርባለሁ!»

«እና ዋሸሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ያው ነው።»

ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።  

«ነገ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «በሰው ፊት እናገራለሁ። ከዚያ የሚሆነው ይሁን። እፈልግሻለሁ ኢንሻራህ፤ በዚህ ዓይነት ግን አልወስድሽም።»

ስልኩ ተዘጋ። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። «አትንኪኝ እማ» አለችኝ። ሃያ ሰባት ዓመት አሳድጌያት እንዲህ ብላኝ አታውቅም። በሩ ላይ እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቤታችን ሞላ። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶች ጓዳ ያለው ክፍል፣ መሀላችን መጋረጃ ብቻ። ጎረቤታችን ዐሊማ «ሠላሳ ስምንት ክፍል አሉ? በየትኛው ትተኛለች ታዲያ?» ብላ ሴቱን ታስቃለች። ኢንሻራህ ነጭ ለብሳ፣ ፊቷን ሸፍና ተቀምጣለች። አጠገቧ ነኝ፤ ግን አጠገቧ አይደለሁም።

ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ ሀምዱ ናቸው። በደንባችን መጀመሪያ ሁለት ምስክሮች ወደ ሙሽሪት ይላካሉ፤ ፈቃዷን ይጠይቃሉ። ልጃገረድ አትመልስም። ታፍራለች፤ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታዋ ነው። ምስክሮቹ ይመለሳሉ፣ ሴቱ እልል ይላል። እኔም እንዲያው ነው የተዳርኩት፤ ትልቋ ልጄ ፈትሂያም እንዲያው።

የባለቤቴ ወንድም ካሊድና ሌላ ሽማግሌ መጋረጃው ጋ ቆሙ።

«ኢንሻራህ ልጄ፣ አባትሽ ለሁዘይፋ በሺር ሊድርሽ ነው። ፈቅደሻል ወይ?»

ፀጥ አለ። ዐሊማ ለእልልታ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አሁን አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

«ለየትኛው ሁዘይፋ ነው አጎቴ?» አለች ልጄ።

እልልታው ዐሊማ ጉሮሮ ላይ ቀረ።

«የምን የትኛው?» አለ ካሊድ።

ክንዷን ቆነጠጥኳት። መነጨቀችኝ። ቆመች። ድምፅዋ ሳሎን ድረስ ይሰማል። «የሐርቡ ገበሬ የአባባ በሺር ልጅ፣ በሰው አገር ድንጋይ እየካበ የሚያድር፣ በጋጣ ከሦስት ሰው ጋር የሚተኛ ከሆነ ፈቅጃለሁ። ወላሂ ፈቅጃለሁ። የግንብ ጌታ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም፤ ለማላውቀው ሰው አትዳሩኝ!»

ሳሎን ውስጥ አንድ ብርጭቆ ወደቀ። ባለቤቴ መጋረጃውን ገንጥሎት ገባ ብል ይቀላል። «ምን አለች? ምንድነው የምትለው?»

«እውነቷን ነው ሐጂ» አለ ከኋላው ድምፅ። ሁዘይፋ ቆሟል። «እኔም ይህንኑ ልናገር ነበር የመጣሁት። ቀደመችኝ።» እያያት ነው የሚናገረው። ፊቷ ተሸፍኗል፤ ግን የሚያያት ፊቷን ነው።

«ግንቡ ያንተ አይደለም?»

«አይደለም።»

«የማነው ታዲያ?»

«የመንደሩ ነው። የሕዝቡ። እኛ ቀበሌ እንደምንለው ነው።»

«የቀበሌ ቤት!» ባለቤቴ ጥምጣሙን አውልቆ መሬት ወረወረው። «ጎበዝ፣ ሰማችሁ? ለቀበሌ ቤት ነው ከተማውን የጠራሁት!»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሱ ነው ባለቤቴን ጨርሶ ያሳበደው።

«ከቀበሌ ቤቱም ጋጣው ነው የኔ» አለ ሁዘይፋ። ጥርሱን ነክሷል። «ፈረስ ያደረበት። ይስሙኝ ሐጂ፤ ያንን ግንብ መስፍን ገንብቶት አልቀረለትም፤ ልጆቹ ወርሰውት አልቀረላቸውም። ዛሬ ዝናብ እንዳይገባው የምክበው እኔ ነኝ። የኔ የምለው ይሄ እጅ ብቻ ነው። ይሄ ካላስፈቀደኝ ሌላ ነገር የለኝም።»

«ማነው የዋሸኝ?» ባለቤቴ ዙሪያውን አየ። «ማነው እንደ ልጅ የተጫወተብኝ?»

ሻሼን አጠበቅኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ኖሬ ወንዶች በተሰበሰቡበት ሳሎን እንዲህ ገብቼ አላውቅም። ገባሁ።

«እኔ ነኝ የፈትሂያ አባት። እኔ ነኝ የዋሸሁህ። ልጁም አልዋሸም፣ ልጅህም አልዋሸችም። እውነቱን በወረቀት ጽፎ ልኮ ነበር። ግን እውነቱን ባሳይህ ያንን ሽማግሌ አራተኛ ጊዜ በረንዳ ላይ ታስቀምጠው ነበር! አላህ ይይልህ፣ አታስቀምጠውም ነበር? አያትህ መርፌ ሲሸጥ ማን በረንዳ ላይ አስቀመጠው? ተቆጣ፤ እኔም ተቆጥቻለሁ! ካንተ በፊት ሦስት ዓመት ተቆጥቼ ነው የኖርኩት!»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።  ባለቤቴ «ኒካህ የለም!» ብሎ ጮኸ። «ተነሱ! ሁላችሁም ውጡልኝ!»

አባባ በሺር ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሐጂ፣ ሦስቴ ለምኜህ መጣሁ። አራተኛውን አንተ ጠርተኸኝ መጣሁ። አምስተኛ የለም። ልጄ ሆይ፣ ጫማህን አድርግ።»

«ማንም አይወጣም!» አሉ ሼህ ሀምዱ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ሲቆጡ ግን ቤቱ ይጠብባቸዋል። «አብዱልባሲጥ፣ በንዴት ላይ ያለ ሰው አይፈርድም። ሂድ ውዱእ አድርግ። ታጥበህ ስትመጣ ያሻህን በል።»

ሄደ። ጓሮ ውሃው ሲፈስ ይሰማል።  መጋረጃው ወድቋል፣ የሚያነሳው የለም፤ ሁዘይፋ ወዲህ፣ ኢንሻራህ ወዲያ ቆመዋል።

«ኢንሻራህ» አለ።

«ምን ትላለህ?»

«ትናንት ስለ እጄ ያልኩሽን—»

«አልረሳሁትም። አልረሳልህምም።»

«አትርሺው። ግን አግቢኝ።»

«በሰው ፊት ፈቅጃለሁ አልኩ አይደል? ስንቴ ልበልልህ!» አለችና እንባዋ መጣ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዐሊማ እንኳ፣ ያቺ ሳቂታ፣ ሻሿን ነክሳ ታለቅሳለች። በንዴት የሚዋደድ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ባለቤቴ ፊቱ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። ማንንም አላየም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ በምስክር ፊት ፈቅጃለሁ ብላለች» አለ። «ሠላሳ ዓመት ስነግድ በምስክር የተባለ ቃል አፍርሼ አላውቅም። ዛሬም አላፈርስም። ግን ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ።»

«እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም የቆየሁት ሐጂ» አለ ሁዘይፋ።

«እንግዲያው ና ተቀመጥ። እጅህን አምጣ።»

ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። ባለቤቴ ያንን እጅ ሲጨብጥ ቆም አለ። በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ዳሰሰው፤ የጠባሳውን ስፌት አገኘው፤ ወደ ኢንሻራህ ቀና ብሎ አየ። ምን እንዳሰበ አልነገረኝም፤ ወደፊትም የሚነግረኝ አይመስለኝም። ድምፁ ከንዴቱ ሳይወጣ «ልጄን ኢንሻራህን ድሬልሃለሁ» አለ። «ተቀብያለሁ» አለ ሁዘይፋ፤ የሱም ድምፅ እንደዚያው። ሼህ ሀምዱ ዱአ አደረጉ። ሴቶቹ እልልታው ጠፍቷቸው ቆይተው፣ አንዷ ስትጀምር ቤቱ ተናወጠ።

ወደ ሐርቡ ሊወስዳት ሲነሳ ኢንሻራህ ዞራ ተሰናበተች። የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እጁን ራሷ ላይ አደረገ፣ አላነሳም ብሎ ቆየ። እኔ ጋ መጣች። ጉልበቴን ሳመች። ጉንጬን ግን አልሳመችኝም። «እማ፣ ተቆጥቼሻለሁ፤ መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም» አለችኝ በጆሮዬ፣ እና እጄን አጥብቃ ይዛ፣ አጥንቴ እስኪያመኝ ድረስ ይዛ፣ ለቀቀችኝ። መኪናው ቁልቁል ወረደ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ።

አሱርን ስሰግድ ሱጁድ ላይ ቆየሁ። ያ ረቢ፣ ልጄን ዝም በይ ስላልኳት ማረኝ አልኩ፤ ባሌን በሰው ፊት ስላሳፈርኩት ማረኝ፤ የሽማግሌውን ጉርሻ ስላስጣልኩ ማረኝ። እንባዬ መስገጃውን አራሰው። ልጄን ለወደደችው ስለሰጠሁበት ተንኮልም ማረኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ቃሉን ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት። ቃሉ ከደረቴ አልነሳ አለኝ።